ልዑል ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ፤ ከተከዜ ወንዝ እስከ ፖንዛ ደሴት

በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ምክንያት በሚወጣው በዚህ የመታሰቢያ መጽሔት ውስጥ የታሪክ ክበባችን አንድ የሕይወት ታሪክ እንዲያቀርብ በታዘዘ ጊዜ፣ የማንን ታሪክ እንጻፍ በማለት ብዙ ተከራከርን። አንዳንዶቻችን የንጉሥ፣ አንዳንዶቻችን የደራሲ ታሪክ ይሁን አልን። በመጨረሻ የተስማማነው አገር በተወረረች ጊዜ ከጦር ሜዳ እስከ ሩቅ ደሴት ግዞት ድረስ መከራን በተቀበሉት፣ ከዚያም ተመልሰው ያዩትን በጽሑፍ ባስቀሩት በልዑል ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ሕይወት ላይ ነው። ለዚህም ምርጫ ያበቁን ሁለት ምክንያቶች ናቸው፤ አንደኛው የሰፈራችን ስም፣ ሁለተኛው ፎቶግራፍ ነው።

ስለ ሰፈራችን ስም እንጀምር። ካዛንቺስ የሚለውን ቃል ከልጅነታችን ጀምሮ ስንጠራው ኖረናል፤ ከየት እንደ መጣ ግን ከመካከላችን የሚያውቀው ጥቂት ነበር። ኢጣልያኖች ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባን ይዘው በነበረ ጊዜ፣ ለመንግሥታቸው ሠራተኞች መኖሪያ ቤት የሚሠራ ድርጅት ነበራቸው፤ አጭር ስሙም ኢንቺስ ይባል ነበር። በቋንቋቸው ካዜ ማለት ቤቶች ማለት ስለ ሆነ፣ ድርጅቱ በዚህ ሰፈር ያሠራቸው ቤቶች ካዜ ኢንቺስ ተባሉ፤ ሕዝቡም እንደ አፉ አመቻችቶ ካዛንቺስ አለው። ጠላት ከሄደ በኋላ ሰፈሩ የኛው ሆነ። በ1953 ዓ.ም. የአፍሪካ አዳራሽ ተመርቆበት የአፍሪካ መሪዎች መሰብሰቢያ ለመሆን በቃ። በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ሥራ ምክንያት ብዙዎቹ አሮጌ ቤቶች ፈርሰው ነባር ነዋሪዎች ወደ ሌላ ስፍራ ሄዱ፤ ከነሱም መካከል የክፍል ጓደኞቻችን ነበሩበት። ቤቶቹ ቢሄዱም ስሙ ቀርቷል። እንግዲህ ጠላት ያወጣውን ስም በየቀኑ በአፋችን የምንይዝ ከሆነ፣ ያንን ጠላት የተከላከሉትን ሰዎች ስም ምን ያህል እናውቃለን ብለን ራሳችንን ጠየቅን።

ሁለተኛው ምክንያታችን ፎቶግራፍ ነው። ስለ ጦርነቱ የተጻፉ መጻሕፍትን ስናገላብጥ ብዙ ሥዕሎች አየን። ተሰልፈው የቆሙ አይሮፕላኖች፣ በአዲስ መንገድ ላይ የሚጓዙ ታንኮችና ካሚዮኖች፣ በድል የሚገቡ የጦር አለቆች ይታዩባቸዋል። ነገር ግን አብዛኛዎቹን ያነሣቸው ማን ነው ብለን ስንመረምር ወራሪው ራሱ ሆኖ አገኘነው። የኢጣልያ መንግሥት ሉቼ የተባለውን የፊልምና የፎቶግራፍ ድርጅት ባለሙያዎች ከሠራዊቱ ጋር አሰልፎ ነበር። በኛ በኩል በ1928 ዓ.ም. ከውጭ አገር የመጡት ጋዜጠኞችና ፎቶግራፍ አንሺዎች አብዛኛውን ጊዜ በአዲስ አበባ፣ በሐረርና በደሴ ይቆዩ ነበር። አልፍሬድ አይዘንስታት የተባለው ስመ ጥር ፎቶግራፍ አንሺ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1935 ዓ.ም. ያነሣው የአንድ ኢትዮጵያዊ ወታደር ባዶ እግር በዓለም ሁሉ ታውቋል፤ የወታደሩ ፊት ግን በሥዕሉ ላይ የለም። ልዑል ራስ እምሩ የተዋጉበት የሽሬና የተከዜ ምድር ደግሞ ከዋና ከተማው የብዙ ሳምንት የእግር መንገድ ነበረ። ስለዚህ የዚያን ግንባር ታሪክ በሥዕል ለማየት የሚፈልግ ሰው በጠላት ዓይን ለማየት ይገደዳል። ሌላው መንገድ በቦታው የነበረውን ሰው ቃል መስማት ነው።

ልዑል ራስ እምሩ በ1885 ዓ.ም. በሐረርጌ ምድር ተወለዱ። አባታቸው ደጃዝማች ኃይለ ሥላሴ አባይነህ የራስ መኰንን ዘመድ ነበሩ። በዚህ ዝምድና ምክንያት እምሩ ከራስ መኰንን ልጅ ከተፈሪ፣ በኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከተባሉት ንጉሠ ነገሥት ጋር አብረው አደጉ። በዕድሜም የሚበላለጡት በጥቂት ወራት ብቻ ነበር። ሁለቱ ልጆች ከአባ ሳሙኤል ወልደ ካህን እግር ሥር ተቀምጠው በአንድነት ተማሩ። ይህ የልጅነት ወዳጅነት በኋላ ዘመን ብዙ ነገር ቢፈትነውም እስከ መጨረሻው አልተበጠሰም።

ካደጉም በኋላ በሐረርና በወሎ በአስተዳደር ሥራ ቆይተው፣ በ1924 ዓ.ም. ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ከሥልጣን በተነሡ ጊዜ የጎጃም ገዢ ሆነው ተሾሙ። የጎጃም ሰው ለረጅም ዘመን በራሱ ባላባት ሲተዳደር የኖረ በመሆኑ፣ ከሸዋ የመጣ አዲስ ገዢ መቀበል ቀላል ነገር አልነበረም። ጦርነቱ የመጣው ይህ ቅሬታ ገና ሳይበርድ ነው።

ኢጣልያ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የመረብን ወንዝ ተሻግሮ አገራችንን ወረረ። ልዑል ራስ እምሩም ወደ 25,000 የሚሆን ሠራዊት አሰልፈው ከደብረ ማርቆስ ወደ ሰሜን ዘመቱ። የያኔ ዘመቻ የዛሬውን አይመስልም። ወታደሩ በእግሩ ይጓዛል፤ ስንቁን በአህያና በበቅሎ ወይም በራሱ ትከሻ ይይዛል፤ ሚስቱ ወይም ዘመዱ ተከትላው ትሄዳለች። ጠብመንጃው አሮጌ፣ ጥይቱም የተቈጠረ ነው። ገና በመንገድ ላይ ሳሉ የጠላት አይሮፕላን ቦምብ ጣለባቸው። አይሮፕላን አይቶ ለማያውቅ ሰው ይህ ታላቅ ድንጋጤ ስለ ሆነና በሠራዊቱም ውስጥ ቀድሞ የነበረው ቅሬታ ስለ ተጨመረበት፣ ብዙ ሰው ከሰልፉ እየተነጠለ ወደ አገሩ ተመለሰ። ሆኖም ልዑል ራስ እምሩ በቀረው ሠራዊት ጉዟቸውን ቀጠሉ፤ የስሜኑና የወገራው ደጃዝማች አያሌው ብሩም ከነጦራቸው ከጎናቸው ተሰለፉ።

በታኅሣሥ ወር መጀመሪያ ገደማ የፊት ጦራቸው በሌሊት ተከዜን ተሻገረ። ታኅሣሥ 5 ቀን 1928 ዓ.ም. ደምበጉይና በተባለው የተራራ በር ላይ አንድ የኢጣልያ ጦር ከነታንኮቹ ተከበበ። ታንኮቹ ትንንሽ ነበሩ፤ ነገር ግን በብረት የተሸፈኑ ስለ ሆነ የጠብመንጃ ጥይት አይበሳቸውም። ወታደሮቻችንም መተኰሱ እንደማይረዳ ባዩ ጊዜ ከኋላ እየዞሩ በላያቸው ላይ ወጡ፤ መትረየሱን በእጃቸው እየጠመዘዙ፣ በድንጋይና በጐራዴ እየመቱ ከሥራ አወጧቸው። ከውጊያው በኋላ ልዑል ራስ እምሩ ወደ ፊት ገፍተው ሽሬን ያዙ። የጠላት ዋና አዛዥ የነበረው ማርሻል ባዶሊዮም አክሱም እንዳትነጠቅ ሠጋ። በዚህ ጦርነት ውስጥ የኢትዮጵያ ጦር ወደ ፊት ሄዶ ጠላትን ካስጨነቀባቸው ጥቂት ቀናት አንዱ ይህ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣውን ስንጽፍ እጃችን ይከብደዋል። በዚያው በታኅሣሥ ወር፣ ከደምበጉይና ድል ሳምንት ያህል ቆይቶ፣ የኢጣልያ አይሮፕላኖች በተከዜ ወንዝ አካባቢ እንደ ወትሮው ቦምብ ሳይሆን እንደ በርሜል ያለ ነገር ጣሉ። በርሜሎቹ መሬት ሲነኩ ወይም በአየር ላይ ሳሉ ፈንድተው ፈሳሽ ረጩ። ሰዎቹ መጀመሪያ ምንነቱን አላወቁም። ጥቂት ቆይቶ ግን ፈሳሹ የነካቸው እጃቸው፣ እግራቸውና ፊታቸው እየተቃጠለ ውኃ ቋጠረ፤ ዓይናቸውም ታወረ። ሥቃያቸውን ለማብረድ ወደ ወንዙ የሮጡትና ከውኃው የጠጡት ብዙዎች በዳርቻው ወድቀው ቀሩ። ከወንዙ የሚጠጡ ከብቶችና የአካባቢው ገበሬዎችም አልተረፉም። ይህ ፈሳሽ ኢፕሪት የተባለው መርዝ ነበረ። እንዲህ ያለውን መርዝ በጦርነት መጠቀም በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1925 ዓ.ም. በጄኔቭ በተደረገው ስምምነት ተከልክሎ ነበር፤ ኢጣልያም ስምምነቱን ተቀብላ ነበር።

ልዑል ራስ እምሩ ይህን ሁሉ በዓይናቸው አዩ። በኋላ እንደ ተናገሩት፣ አለቆቹ ምን እናድርግ እያሉ ሲጠይቋቸው የሚመልሱት ቃል አጡ። ሰው ከሰው ጋር የሚዋጋበትን ዘዴ ያውቃሉ፤ ከሰማይ የሚወርድ ዝናብ የሚገድልበትን ጦርነት ግን ማንም አላስተማራቸውም። የዚያን ቀን የጠላት ፎቶግራፍ አንሺ መሣሪያውን ወደ ተከዜ ዳርቻ አላዞረም። የኢጣልያ መንግሥትም ነገሩን ለብዙ ዓመታት ሲክድ ኖረ። የመከላከያ ሚኒስቴሩ በይፋ ያመነው ከስድሳ ዓመት በኋላ፣ በ1988 ዓ.ም. ነው። በነዚያ ስድሳ ዓመታት እውነቱን የጠበቁት የቀይ መስቀል ሐኪሞች መዝገብና የተጎዱት ሰዎች ትዝታ ናቸው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ የሚለው የአባቶቻችን ተረት ምን ማለት እንደ ሆነ በደንብ የገባን ይህን ስናነብ ነው።

ከየካቲት 21 ቀን 1928 ዓ.ም. ጀምሮ ባዶሊዮ በብዙ ጦር፣ በመድፍና በአይሮፕላን ሽሬ ላይ መጣባቸው። ሠራዊታቸው ለጥቂት ቀናት በብርቱ ተዋጋ፤ ጥይቱ ግን አለቀ። ልዑል ራስ እምሩ ጦራቸው ተከቦ ሳይጠፋ ወደ ተከዜ እንዲያፈገፍግ አዘዙ፤ ነገር ግን በመሻገሪያው ላይ አይሮፕላኖች ደርሰው በቦምብና በእሳት ፈጁት። ወንዙን የተሻገረውም ተበታተነ። በብዙ ሺህ ከዘመተው ሠራዊት ከርሳቸው ጋር የቀረው ጥቂት ሰው ብቻ ነበር። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ መጋቢት 22 ቀን፣ ንጉሠ ነገሥቱ የመሩት ጦር በማይጨው ተሸነፈ። ሚያዝያ 27 ቀንም ጠላት አዲስ አበባ ገባ።

ሌላ ሰው ቢሆን ታሪኩ በዚህ ባለቀ ነበር። ልዑል ራስ እምሩ ግን ወደ ምዕራብ ሄዱ። ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ውጭ አገር ሲሄዱ እርሳቸውን እንደራሴ አድርገው ትተዋቸው ስለ ነበረ፣ በኢሉባቦር በጎሬ ከተማ የኢትዮጵያ መንግሥት ስም እንዳይጠፋ ያደርጉ ጀመር። በዚያ ጊዜ በወለጋ፣ በነቀምት አጠገብ፣ ጥቁር አንበሳ የተባለ ማኅበር ተቋቁሞ ነበር። አባሎቹ ከሆለታ የጦር ትምህርት ቤት የወጡ ወጣት መኰንኖችና በውጭ አገር የተማሩ ልጆች ሲሆኑ፣ መሪያቸው የእንስሳት ሐኪሙ ዶክተር ዓለመ ወርቅ በየነ ነበሩ። በሰኔ ወር 1928 ዓ.ም. በቦናያ ያረፉትን የኢጣልያ አይሮፕላኖች ያቃጠሉት እነዚህ ወጣቶች ናቸው። ዕድሜያቸው ከኛ ብዙ የማይርቅ መሆኑን ስናስብ እጅግ ተደነቅን። ማኅበሩም ልዑል ራስ እምሩን የበላይ አለቃ አድርጎ ተቀበለ።

ሆኖም ጊዜው ከባድ ነበር። ክረምቱ ሲወጣ ጠላት በየአቅጣጫው ወደ ምዕራብ ገሠገሠ፤ በኅዳር 1929 ዓ.ም. ጎሬ ተያዘች። ልዑል ራስ እምሩና ተከታዮቻቸው ወደ ደቡብ ዞረው ወደ ኬንያ ለመውጣት አሰቡ። በጎጀብ ወንዝ ላይ ሲደርሱ ግን ከፊትም ከኋላም ጠላት ገጠማቸው። ስንቅ አልቋል፤ ቁስለኛና በሽተኛ በዝቷል፤ ጥይት የለም። በመጨረሻም ታኅሣሥ 9 ቀን 1929 ዓ.ም. የቀሩትን ሰዎች ሕይወት ለማትረፍ ሲሉ እጃቸውን ሰጡ።

በዚህ ነገር በክበባችን ውስጥ ታላቅ ክርክር ተነሣ። ከኛ ግማሹ የጦር አለቃ እስከ ሞት መዋጋት ነበረበት አለ። ሌላው ወገን ደግሞ ጥይት ያጣውን ቁስለኛ አስፈጅቶ ስም መትከል ጀግንነት አይደለም፤ ለተከታዮቹ ሕይወት ብሎ ውርደትን የተቀበለ አለቃ የበለጠ ዋጋ ከፍሏል ሲል ተከራከረ። በውይይታችን መካከል ያነበብነው ነገር ግን ሁላችንንም ዝም አሰኘን። ከሁለት ወር በኋላ፣ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ በተጣለ ጊዜ፣ ጠላት በቂሙ ብዙ የተማሩ ወጣቶችን ገደለ። ከጥቁር አንበሳ ወጣቶችም ብዙዎቹ፣ የሐኪም ወርቅነህ ልጆች ዮሴፍና ቢንያም ጭምር፣ ያን ጊዜ አለቁ። ልዑል ራስ እምሩ ለማዳን ያሰቧቸው ልጆች እንዲህ ባለ መንገድ መጥፋታቸው ከጦርነቱ ሐዘኖች ሁሉ መራራው ይመስለናል። ክርክራችንን ያለ ፍርድ ተውነው።

እርሳቸው ወደ ኢጣልያ ተወስደው በፖንዛ ደሴት ታሰሩ። ፖንዛ ከሮማ በስተ ደቡብ፣ በባሕሩ መካከል ያለች ድንጋያማና ትንሽ ደሴት ናት። የፋሽስት መንግሥት የራሱን ተቃዋሚዎችም ይግዝባት ነበር። ለአንድ የደጋ ሰው፣ ተራራና ሜዳ ለለመደ ዓይን፣ ዙሪያውን ውኃ ብቻ እያዩ ዓመታትን መቁጠር ምን ያህል እንደሚከብድ ለመገመት አያስቸግርም። በሌላይቱ ደሴት፣ በአሲናራም፣ ከየካቲት 12 በኋላ ከኢትዮጵያ የተጋዙ መኳንንት፣ ወይዛዝርትና ልጆች ታስረው ነበር።

ታሪክ አንዳንድ ጊዜ ሰው ያላሰበውን ያደርጋል። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በሐምሌ ወር 1943 ዓ.ም. ሙሶሊኒ በራሱ ሰዎች ከሥልጣን ወርዶ በታሰረ ጊዜ፣ ለጥቂት ቀናት የተላከው ወደዚያችው ወደ ፖንዛ ደሴት ነበር። ያረፈበትም ቤት ቀደም ሲል ልዑል ራስ እምሩ ታስረውበት የነበረው ቤት ነው። አገራችንን ያስወረረው ሰው፣ አገራቸውን ሲከላከሉ በተያዙት ሰው እስር ቤት መስኮት ያንኑ ባሕር ተመለከተ። ልዑል ራስ እምሩም የኅብረት ጦር ወደ ኢጣልያ ሲገባ ነጻ ወጥተው፣ ከሰባት ዓመት ገደማ በኋላ ለአገራቸው አፈር በቁ።

ከተመለሱ በኋላ ያለው ዘመናቸው በአብዛኛው በአምባሳደርነት ያለፈ ነው። ከ1938 ዓ.ም. ጀምሮ በዋሺንግተን፣ ቀጥሎም በሕንድ አገርን ወክለው ሠሩ። ፊታውራሪ በላይ የተባለውን ልብ ወለድም ጻፉ። ከሁሉ ይልቅ ሰውን ያስደነቀው ግን የራሳቸውን ርስት ለገበሬዎች ማከፋፈላቸው ነው። መሬት የመኳንንት ክብር መለኪያ በነበረበት ዘመን እንዲህ በማድረጋቸው የውጭ አገር ሰዎች ቀዩ ራስ ይሏቸው ነበር። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ገርማሜ መፈንቅለ መንግሥት ባደረጉ ጊዜ፣ ሕዝብ ያከብራቸው ስለ ነበረ ስማቸው ለጠቅላይ ሚኒስትርነት ተጠራ። ሙከራው በጥቂት ቀናት ውስጥ ከሸፈ፤ ንጉሠ ነገሥቱ ግን የልጅነት ወዳጃቸውን አልቀጧቸውም፤ አምባሳደር አድርገው ወደ ሞስኮ ላኳቸው። ሴት ልጃቸው ዮዲት እምሩ የመጀመሪያይቱ ኢትዮጵያዊት አምባሳደር ሆኑ፤ ወንድ ልጃቸው ልጅ ሚካኤል እምሩም በ1966 ዓ.ም. ለአጭር ጊዜ ጠቅላይ ሚኒስትር ነበሩ። ልዑል ራስ እምሩ በነሐሴ 1972 ዓ.ም. በ87 ዓመት ዕድሜያቸው አረፉ። መሳፍንትን ያሳደደው የደርግ መንግሥት እንኳ እርሳቸውን በክብር አስቀበራቸው።

በሕይወት ሳሉ ትዝታቸውን ጽፈው ነበር። መጽሐፉም ካረፉ ሠላሳ ዓመት ገደማ ሲሆን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ታትሞ ወጣ። ስሙ ካየሁት ከማስታውሰው ይባላል። እኛ ይህን ስም ስናይ ሐሳባችን ወደ ጽሑፋችን መጀመሪያ ተመለሰ። ጠላት የፎቶግራፍ መሣሪያ ነበረው፤ ለማሳየት የፈለገውን አነሣ፤ ሊደብቅ የፈለገውን ተወ። ልዑል ራስ እምሩ ዓይናቸውና ትዝታቸው ብቻ ነበራቸው፤ በርሱም ያዩትን አስቀሩልን። የተከዜን ዳርቻ የሚያሳይ ሥዕል ባይኖረን፣ በዚያ የቆመ ሰው ምስክርነት አለን።

ውድ ጓደኞቻችን፤ ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው የአንድ ትልቅ ሰው ስም አንሥተን ዝም ለማለት አይደለም። በየቤታችን ሣጥን ውስጥ የአያቶቻችን ፎቶግራፎች አሉ። ወታደር የነበሩ፣ አርበኛ የነበሩ፣ በኮሪያ ወይም በኮንጎ የዘመቱ፣ ወይም በዚሁ በካዛንቺስ ሱቅ ከፍተው የኖሩ ሰዎች ይታዩባቸዋል። ብዙዎቹ ሥዕሎች ግን በጀርባቸው ምንም አልተጻፈባቸውም። የሚያውቃቸው ሰው ሲሞት ሥዕሉም የማይታወቅ ሰው ሥዕል ይሆናል። ሰፈራችን በተነሣ ጊዜ ከዕቃ ጋር የጠፋው ፎቶግራፍ ስንት እንደ ሆነ እግዚአብሔር ይወቀው።

ስለዚህ የክበባችን አባሎች በዚህ ዓመት አንድ ሥራ ለመሥራት ቃል ገብተናል። እያንዳንዳችን በቤታችን ካለው ሥዕል አንድ አንዱን ይዘን፣ ታላላቆቻችንን ጠይቀን፣ የሰውዬውን ወይም የሴትዮዋን ስም፣ የቦታውን ስምና ዓመቱን በጀርባው በእርሳስ እንጽፋለን። ወላጆቻችንም ልጆቻችሁ ሲጠይቋችሁ ሥራ በዛብኝ ሳትሉ እንድትነግሩን፣ መምህራኖቻችንም የምናመጣውን እንድታርሙልን በትሕትና እንለምናለን። በሚመጣው ዓመት መጽሔት ያገኘነውን ይዘን ለመቅረብ ያብቃን።